በሕግ አስከባሪዎች የሙያ ማኅበር ውስጥ በንቃት ለመሳተፍ ከየት ልጀምር?

ፈረቃ ሦስት

ጤና ይስጥልኝ። በፖሊስነት ሙያ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሙያ ማኅበራችን አባል የሆንኩት በተመደብኩበት በመጀመሪያው ወር ነው፤ አስቤበት ሳይሆን፣ ከቅጥር ቅጾቹ ጋር አንድ የአባልነት ቅጽ አብሮ ስለተሰጠኝ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ መዋጮዬ በየወሩ ከደመወዜ ይቆረጣል፤ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ግን አንድም ቀን ተገኝቼ አላውቅም።

ሐሳቤን የለወጠው ባለፈው ዓመት ያየሁት ነገር ነው። አንድ ባልደረባዬ በግዳጅ ላይ ሳለ ተኩሶ ሰው አቆሰለ። ምርመራው በተጀመረበት ሌሊት መሣሪያውን አስረክቦ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። እጁ በየደቂቃው ወደ ወገቡ እየሄደ ባዶውን የመሣሪያ ማኅደር ይዳስስ ነበር። እኔም ሆንኩ ሌሎቻችን ምን ማለት እንዳለብን ስላላወቅን በአጠገቡ እናልፍ ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የማኅበሩ ተወካይ የሆነች ሳጅን ከቤቷ መጣች። ስለ ተኩሱ ምንም ሳትጠይቀው አጠገቡ ተቀምጣ፣ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ምን መብት እንዳለው፣ ምርመራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድና ለቤተሰቡ ማን እንደሚደውል በዝግታ አስረዳችው። ለዓመታት የከፈልኩት መዋጮ ምን እንደሚሠራ ያወቅሁት ያን ሌሊት ነው።

አሁን ከመክፈል ያለፈ ነገር ማድረግ እፈልጋለሁ። ሆኖም ሦስት ነገር ያሳስበኛል። ፈረቃዬ ስለሚቀያየር ስብሰባ ላይ አዘውትሬ መገኘት አልችልም። አለቆቼ የማኅበር ሥራን እንደ አመፅ እንዳይቆጥሩብኝም እሰጋለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ሰዎች ማኅበሩን የጥፋተኞች መሸሸጊያ አድርገው ሲያወሩ እሰማለሁ፤ በዚያ ስም መጠራት አልፈልግም። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

የቀድሞ ጸሐፊ

ጥያቄዎን ሳነብ ከልብ ደስ ብሎኛል። በቅርንጫፋችን ለስድስት ዓመት በጸሐፊነት አገልግያለሁ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ «ምን ልሥራ?» ብለው የመጡ አባላት ከአሥር አይበልጡም ነበር።

ከሁሉ አስቀድመው ማኅበርዎ ምን ዓይነት ማኅበር እንደሆነ ይለዩ። በእኛ ሙያ በዚህ ስም የሚጠሩት ድርጅቶች ሥራቸው በጣም ይለያያል። አንዳንዱ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ዲሲፕሊን አካሄድ ከአሠሪው ጋር ይደራደራል። ሌላው ሥልጠና በማዘጋጀትና የአሠራር ደረጃ በማውጣት ሙያውን ለማሳደግ የቆመ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1893 የተመሠረተው የፖሊስ አዛዦች ዓለም አቀፍ ማኅበር ከዚህ ወገን ነው። ለወዳጅነትና ለመረዳዳት የሚቋቋምም አለ። እንግሊዛዊው ሳጅን አርተር ትሩፕ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1950 የመሠረተው ዓለም አቀፍ የፖሊስ ማኅበር እንደዚህ ያለ ነው፤ ማዕረግ ሳይለይ በሥራ ላይ ያለውንም ጡረታ የወጣውንም ይቀበላል፤ በኤስፔራንቶ ቋንቋ የተጻፈው መሪ ቃሉም «ሰርቮ ፐር አሚኬኮ»፣ ማለትም «በወዳጅነት ማገልገል» የሚል ነው።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው፣ ማኅበሩ ሊሰጥ የማይችለውን እየጠየቁ ከመድከም ስለሚያድንዎ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 87 የመደራጀት ነፃነትን ለሠራተኞች ሁሉ ቢያረጋግጥም፣ በአንቀጽ 9 ላይ ዋስትናው ለጦር ሠራዊትና ለፖሊስ እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ ለየአገሩ ሕግ ትቶታል። ስለዚህ በአንዱ ዘንድ የመደራደር መብት ያለው ማኅበር በሌላው ዘንድ የማማከር ድምፅ ብቻ ይኖረዋል። አባላት «ማኅበሩ ምንም አይሠራም» ብለው ሲቆጡ ያየሁት በአብዛኛው ይህን ልዩነት ካለማወቅ የተነሣ ነው።

ቀጥለው መተዳደሪያ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር ያንብቡ። በተለይ ምልዓተ ጉባኤ ስንት አባል እንደሚጠይቅ፣ አጀንዳ ከስብሰባው ስንት ቀን በፊት መቅረብ እንዳለበት፣ ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴው ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ምን መወሰን እንደማይችልና ሒሳቡን ማን እንደሚመረምር ልብ ብለው ይዩ። ከዚያም ያለፉትን የሁለት ዓመት ቃለ ጉባኤዎች እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። አንድ ማኅበር ምን እንደሚያስጨንቀው፣ ምን እየጀመረ እንደሚተውና ሥራው በማን ጫንቃ ላይ እንዳለ ከቃለ ጉባኤው በላይ የሚናገር ነገር አላውቅም።

የፈረቃዎ ጉዳይ እንደሚመስልዎ ከባድ አይደለም። ማኅበር የሚሠራው በስብሰባ መካከል ባሉት ሳምንታት ነው። ደብዳቤ ማርቀቅ፣ የአባላትን ዝርዝር ማስተካከል፣ ለአዲስ ምልምሎች ማኅበሩን ማስተዋወቅ፣ ጉዳት የደረሰበትን አባል ሄዶ መጠየቅ በየትኛውም ሰዓት የሚሠራ ሥራ ነው። ለሊቀመንበርነት ይወዳደሩ የሚልዎት ሰው ቢኖር ግን ለጊዜው እሺ አይበሉ። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው አንድ ትንሽ ሥራ ተቀብለው በተባለው ቀን ጨርሰው ያስረክቡ።

የመንገድ ደኅንነት

የጸሐፊውን ምክር አከብራለሁ። ሆኖም በዚህ ክር ላይ የእኔም ታሪክ እንዲነገር እፈልጋለሁ፤ ጠያቂው ከመግባቱ በፊት ሌላውንም ገጽ ማየት አለበት።

በሥራ ላይ ሳለሁ ተሽከርካሪ ገጭቶኝ ወገቤን ተጎዳሁ። የጉዳት ካሣ ጥያቄዬ ውድቅ ሲደረግ ለማኅበሬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ተወካይ ማስረጃዬን ተቀብሎ «እንከታተላለን» አለኝ። ከአራት ወር በኋላ ስጠይቅ እሱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ነበር፤ የተተካው ሰው ስለ ጉዳዬ የሰማው ነገር አልነበረም። ማስረጃዎቼን እንደገና አዘጋጅቼ ሰጠሁ። በመጨረሻ ለይግባኝ የተፈቀደው ጊዜ ማለፉን የነገረኝ ማኅበሩ ሳይሆን ካሣውን የከለከለኝ ቢሮ ነው። ይህን የምጽፈው ሰዎችን ለማሸሽ አይደለም፤ ቁጣዬም በርዷል። ነገር ግን ማኅበር ገብቶ ለማገልገል የሚያስብ ሰው፣ እያንዳንዱ ደብዳቤ በስተጀርባው ሰው እንዳለው ሊያውቅ ይገባዋል።

የቀድሞ ጸሐፊ

ወንድሜ፣ የደረሰብዎት በጣም ያሳዝናል። እኔ የሌላ ማኅበር ሰው ብሆንም፣ በጸሐፊነት ወንበር የተቀመጠ ሰው ይህን ሲያነብ ማፈሩ አይቀርም። እንዲህ ያለው ጉዳት የሚመጣው ጉዳዩ በማኅበሩ እጅ መሆኑ ቀርቶ በአንድ ተወካይ እጅ፣ በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ሲሆን ነው።

እኛ ዘንድም ተመሳሳይ ስሕተት ከተፈጸመ በኋላ አንድ ወፍራም የጉዳዮች መዝገብ ከፈትን። በእያንዳንዱ መስመር አቤቱታው የገባበት ቀን፣ የያዘው ሰው፣ የሚቀጥለው እርምጃና የይግባኙ የመጨረሻ ቀን ይጻፋል፤ የይግባኙ ቀን በቀይ ቀለም ነው። ተወካይ ሲለወጥ ርክክቡ በፊርማ ይሆናል፤ ኮሚቴውም በየወሩ ስብሰባውን የሚጀምረው ቀዩን ዓምድ ጮክ ብሎ በማንበብ ነው። ፈረቃ ሦስት፣ በማኅበርዎ እንዲህ ያለ መዝገብ መኖሩን ይጠይቁ። ከሌለ የመጀመሪያ ሥራዎን አገኙ ማለት ነው።

መርማሪዋ

ስለ ስብሰባ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ እንደ ቀላል ነገር ስለሚታለፍ።

ቅርንጫፋችን ለዓመታት የሚሰበሰበው ምሽት ላይ ነበር። የሚገኙት ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ የሌሊት ተረኞችና ትንንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች አይመጡም። ከዚያም «ሴቶች አባላት ፍላጎት የላቸውም» ተብሎ ይነገራል። እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ አጭር ነበር፤ ያው አጀንዳ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት የሌሊት ፈረቃ ሲወጣና ማታ የቀን ፈረቃ ሲወጣ ይቅረብ፤ ድምፁም ተደምሮ ይቆጠር። ደንቡን ማሻሻል ስላስፈለገ ለመጽደቅ አንድ ዓመት ፈጀ። በመጀመሪያው እንዲህ ያለ ስብሰባ ከዚያ በፊት 19 የነበረው ተሳታፊ 44 ደረሰ፤ ስለ ነፍሰ ጡር መኮንኖች የሥራ ምደባ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጋገርነውም ያን ጠዋት ነው።

በነገራችን ላይ የሴት ፖሊሶች መደራጀት ዕድሜው ረጅም ነው። አሊስ ስቴቢንስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1910 በሎስ አንጀለስ ፖሊስ ከተቀጠረች ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1915፣ የሴት ፖሊሶች ዓለም አቀፍ ማኅበር ሲመሠረት ግንባር ቀደም ነበረች። በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ሥራው ተቋረጠ፤ በ1956 እንደገና ተደራጅቶ እስካሁን አለ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ማኅበሩ ከተቋረጠ በኋላ የሚያነሡት ሰዎች ስለተገኙ ነው።

የጣቢያ ኃላፊ

ጠያቂው ስለ አለቆች ስላነሡት ስጋት ከዚያኛው ወንበር ሆኜ ልመልስ። እንደ እውነቱ ከሆነ የማኅበር ተሳትፎን በበጎ ዓይን የማያይ ኃላፊ አለ። ቢሆንም በእኔ ልምድ አብዛኛው ቅራኔ የሚነሣው ከተሳትፎው ሳይሆን ከግልጽነት ጉድለት ነው።

ለማንኛውም ሥራ ስትመረጡ ለቅርብ ኃላፊያችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። የማኅበር ሥራ የሚሠራበት ሰዓት በደንብ ወይም በስምምነት የተፈቀደ ከሆነ አንቀጹን ጠቅሳችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልተፈቀደ ግን የማኅበር ደብዳቤ በተረኝነት ሰዓት አይጻፍ። በሥራ ምክንያት ያገኛችሁትን መረጃ፣ የምርመራ መዝገብም ይሁን የባልደረባ የግል ማኅደር፣ ለማኅበር ክርክር አታውሉት። ዩኒፎርም ለብሳችሁ በማኅበሩ ስም ለመገናኛ ብዙኃን አትናገሩ፤ ከተናገራችሁም ውክልና ይኑራችሁ። አንድ ጊዜ የማኅበር ተወካይ የሆነ መኮንን በዕድገት ኮሚቴ ውስጥም አባል ሆኖ፣ የሚከራከርለትን ሰው ውጤት ራሱ እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። ሰውየው ቅን ነበር፤ ግን ውጤቱን ማንም አላመነውም፣ ዕድገቱም ተሰረዘ። ከሁለቱ አንዱን መልቀቅ ነበረበት።

እኔ በበኩሌ ጠንካራ ተወካይ ያለበትን ፈረቃ እመርጣለሁ። ቅሬታ ገና ጭስ ሳለ ወደ ቢሮዬ ይዞልኝ የሚመጣው እሱ ነውና።

ጡረተኛው ሳጅን

ልጄ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ብልህ እንደማትቀየም አምናለሁ። ሦስተኛው ስጋትህ ከሁሉም የከበደው ነው፤ በዚያ ላይ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ግን አለቆች ማኅበርን የሚፈሩት ከምን የተነሣ እንደሆነ ዕወቅ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1918 የለንደን ፖሊሶች በሺዎች የሚቆጠሩ ሆነው ሥራ አቆሙ፤ በደመወዝ ረገድ የጠየቁትን በአብዛኛው አገኙ። በተከታዩ ዓመት እንደገና ሲሞክሩ ያቆሙት በሙሉ ተባረሩ። በዚያው በ1919 የወጣው ሕግ ፖሊሶች የሠራተኛ ማኅበር አባል እንዳይሆኑ ከልክሎ በምትኩ የፖሊስ ፌዴሬሽኑን አቋቋመ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በቦስተን ከ1,100 በላይ ፖሊሶች የመደራጀት መብት ተነፈግን ብለው ሥራ አቆሙ፤ ከተማዋ ተዘረፈች፣ ሰው ሞተ፣ ሥራ ያቆሙትም በሌላ ሰው ተተኩ። የእኛ ሙያ ሥራ ሲያቆም ዋጋውን የሚከፍለው ምንም ያላጠፋ ሰው ነው፤ ስለዚህ ድምፃችን የሚሰማበት ሌላ በር ያስፈልገናል። የማኅበር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ስጋትህ ልምጣ። ከሃያ ዓመት በፊት እኔ በኮሚቴ አባልነት በማገለግልበት ማኅበር ውስጥ አንድ መኮንን ተጠርጣሪ ደብድበሃል ተብሎ ተከሰሰ። ምርመራው ገና በሁለተኛ ቀኑ ሳለ «ባልደረባችን ግዳጁን በአግባቡ ተወጥቷል» የሚል መግለጫ አወጣን። እኔም ፈርሜበታለሁ። ከአምስት ሳምንት በኋላ የአንድ ሱቅ ካሜራ ምስል ቀረበ፤ ሰውየው እጁ በካቴና ታስሮ ነበር። የተደበደበው ልጅ እናት መግለጫችንን በእጇ ይዛ ወደ ቢሯችን መጣች። አልጮኸችም። ጣቷን ከስሞቻችን በታች እያስኬደች «ከእናንተ እዚያ የነበረው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችን። ማንም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በደንባችን ውስጥ አንድ መስመር አስገባን፤ ምርመራ ሳይጠናቀቅ ኮሚቴው ስለ ድርጊቱ ትክክለኛነት መግለጫ አይሰጥም የሚል ነው። ስለ አካሄዱ ግን ይናገራል፦ አባሉ የቀረበበትን ክስ በጽሑፍ አግኝቷል ወይ? አማካሪ ይዞ ቃሉን ሰጥቷል ወይ? ቤተሰቡ ደኅና ነው ወይ? ያቺ ሳጅን በኮሪደሩ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ባልደረባህ ትክክል ነው ወይም ተሳስቷል አላለችም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 17 ቀን 1979 ያጸደቀውን የሕግ አስከባሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ ፈልገህ አንብበው፤ ስምንት አንቀጽ ብቻ ነው። ስምንተኛው አንቀጽ ደንቡ ተጥሷል ወይም ሊጣስ ነው ብሎ ለማመን ምክንያት ያለው መኮንን ለበላይ አካል እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ታዲያ ይህን ያደረገ መኮንን በባልደረቦቹ ሲገለል የሚቆምለት ማን ነው? ማኅበሩ ለተከሳሹ እንደሚቆም ሁሉ ላጋለጠውም ካልቆመ መሸሸጊያ ነው መባሉ ትክክል ነው። ከመግባትህ በፊት ኮሚቴውን ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ ባለፉት ዓመታት ጥፋት ላጋለጠ አባል ምን አድርጋችኋል በላቸው። መልሳቸውን ስትሰማ የት እንደገባህ ታውቃለህ።

የመንገድ ደኅንነት

ሳጅን፣ ይህን በግልጽ ስለጻፉት ከልብ አመሰግናለሁ። መዋጮዬን ለማቋረጥ ያዘጋጀሁት ደብዳቤ አለ፤ ለጊዜው አላስገባውም።

ፈረቃ ሦስት

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። የመከራችሁኝን ስላደረግሁ ውጤቱን ልንገራችሁ።

የሳጅንን ጥያቄ ለኮሚቴው አቀረብኩ። ሊቀመንበሩ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ አንድ ጥፋት ያጋለጠ አባል እንደነበረ፣ ዝውውር ጠይቆ ሲሄድ ማኅበሩ ምንም እንዳላደረገለት ነገሩኝ። ሸፍነው ቢያልፉት ኖሮ አልመለስም ነበር፤ እውነቱን ስለነገሩኝ ቀጠልኩ። የጉዳዮች መዝገብ የለም። ጸሐፊው በየተወካዩ እጅ ያሉትን ማኅደሮች እንድሰበስብ ስለፈቀዱልኝ፣ ባለፉት ሁለት የዕረፍት ቀናት 27 ጉዳዮችን አሰባስቤ መዝግቤያለሁ። ከእነዚህ የሁለቱ የይግባኝ ጊዜ ሊያልፍ አሥር ቀን እንኳ አልቀረውም ነበር፤ አሁን ሁለቱም ገብተዋል። ለቅርብ ኃላፊዬም በጽሑፍ አሳውቄ፣ ደብዳቤዬን ተቀብለው ፈርመውልኛል።

ቃለ ጉባኤዎቹን ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ከባድ ግዳጅ ለገጠማቸው አባላት የባልደረባ ለባልደረባ ድጋፍ ይቋቋም የሚል ሐሳብ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀርቦ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» ተብሏል። ያ ባልደረባዬ ምርመራው ነፃ ካደረገው በኋላም እንቅልፍ እንደሌለው አውቃለሁ። ሐሳቡን እንደገና ለማቅረብ እፈልጋለሁ፤ የሚያነሡት ተቃውሞ ግን «ምስጢር አይጠበቅም» የሚል ነው። ምን ልመልስ?

መርማሪዋ

ተቃውሟቸው እውነት አለው፤ ስለዚህ ሐሳብዎን ሲያረቅቁ ከዚያ ይጀምሩ። እኛ ዘንድ ድጋፍ ሰጪዎቹ የሠለጠኑ ባልደረቦች ናቸው፤ ከዲሲፕሊን ተወካዮችም ፈጽሞ የተለዩ ናቸው። አንድ ሰው ሁለቱን ሥራ ደርቦ አይዝም። ማስታወሻ አይጻፍም፤ ለኮሚቴው የሚቀርበው በወሩ ስንት ሰው እንደተረዳ የሚያሳይ ቁጥር ብቻ ነው። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ምስጢሩ እንደማይጠበቅ ገና ሲጀመር ለተረጂው ይነገረዋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ የሚሠራባችሁ ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ንግግር ከለላ ይሰጥ እንደሆነ የሕግ ባለሙያ ይጠይቁ፤ ከለላ ከሌለ ድጋፍ ሰጪው ለምስክርነት ሊጠራ ስለሚችል ስለ ድርጊቱ ዝርዝር አይወራም። እንቅልፍ ስለ ማጣት፣ ስለ ቤት፣ ስለ ፍርሃት ይወራል። በሁለት ገጽ ይጻፉት፤ በቃል ብቻ የቀረበ ሐሳብ ለማስተላለፍ ቀላል ነው።

ፈረቃ ሦስት

አመሰግናለሁ፤ በሁለት ገጽ ጽፌ ትናንት አስገብቻለሁ። ስብሰባው ሐሙስ ማታ ነው፤ የእኔ ሐሳብ አራተኛ አጀንዳ ሆኖ ተይዟል። በኮሪደሩ አጠገቡ የተቀመጠችው ሳጅን ሐሳቡን ለመደገፍ አብራኝ ፈርማለች። ፈረቃዬ የሚያልቀው ስብሰባው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ስለሆነ፣ መሣሪያዬን አስረክቤ በቀጥታ እሄዳለሁ።